ለሁለታችንም የታዘዘ

ውዳሴ ከሆስፒታል ከወጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ከማህፀን ውጪ፣ ቱቦ ውስጥ የተጸነሰ እርግዝና ፈንድቶባት፣ ሆዷ በደም ሲሞላ ነው ደርሰው ያተረፏት። የግራው ቱቦ ወጥቷል።

እሁድ ከሰዓት መካኒሳ ቤቷ ድረስ ጋሼ ላቀው መጡ። የባሏ የኖላዊ አጎት ናቸው፤ እሳቸው ከተናገሩ ቤተሰቡ ዝም ይላል። የቀረበላቸውን ለስላሳ ሳይነኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ከጋብቻ በፊት ያስወረድሽው ካለ ዛሬ ተናገሪና ይቅር እንባባል።»

ውዳሴ ባሏን ጠበቀችው። ኖላዊ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ።

«ሐኪሟም ጠይቃኛለች፣ ጋሼ» አለች። «ሆድሽን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሽ ያውቃል? ሲጋራ ታጨሻለሽ? እንዲህ ያለ እርግዝና ገጥሞሽ ያውቃል? ሁሉንም የለም አልኳት። በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ስትል ግን አዎ አልኩ። ቱቦ ላይ ጠባሳ ይጥላል፣ ጽንሱም መንገድ ላይ ይቀራል አለችኝ።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም። አምና ኢንፌክሽኑ ሲገኝብኝ ለሁለታችንም መድኃኒት ታዘዘ። እኔ የኔን ጨረስኩ። የሱን ትናንት በሚነዳው ሚኒባስ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም።»

«ውዳሴ! በሰው ፊት?» አለ ኖላዊ።

«የተጠየቅኩት በሰው ፊት ነው!»

«ሴት ልጅ ነውሯን ትሸፍናለች» አሉ ጋሼ ላቀው።

«ብሞት ድንኳን ጥላችሁ ታለቅሱልኝ ነበር። የገደለኝን ግን ስሙን መጥራት ነውር ነው? ይቅርታ አልጠይቅም፣ ጋሼ። አንድ ቱቦ ቀርቶኛል። እሱ ታክሞ እስኪድን አልጋዬ ላይ አይወጣም።»

ጋሼ ላቀው ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው ወደ ኖላዊ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«አፍሬ ነው» አለ ኖላዊ። «ምንም ስላላመመኝ ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ሽማግሌው ቻው እንኳን ሳይሉ ወጡ።

ኖላዊ ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። በአራተኛው ቀን «ታክሜያለሁ» ሲላት አላመነችውም። አብራው ሄዳ ሁለቱም እንደገና ተመረመሩ፣ መድኃኒቱንም ዓይኗ እያየ ዋጠ። ሐኪሟም ለውዳሴ፣ ወር አበባዋ በቀረ ቁጥር ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት፤ አንዴ የደረሰባት ሴት ዳግም ሊደርስባት ይችላልና።

ከወር በኋላ የጋሼ ላቀው ልጅ ሰርግ ጥሪ መጣ። ኖላዊ ሱፉን ለብሶ በር ላይ ቆመ። «ምን ልበላቸው? አሟታል ልበል?»

«ደህና ነች፣ አልመጣም አለች በላቸው።»