ዕድሩ ለእሷ ይሁን

«መታመሙን አውቃ ነው ዕድሩን የወሰደችው» አለች ፅጌ፣ የሟች እህት። ጠዋት ለመጡት ጎረቤቶች ብላዋለች፤ አሁን ደግሞ ከአስኮ ለመጡት ዘመዶች ደገመችው። «ሰው ሲፋታ ፍሪጅ ይወስዳል፣ አልጋ ይወስዳል። ዕድር ምን ይሉታል? ሞት ሸቷት ነው እንጂ።»

ምሥራቅ ሰምታለች። ድንኳኑ በእሷ ስም የተተከለ፣ አግዳሚው በእሷ ስም የመጣ ነው፤ ፅጌ የተቀመጠችበት ፍራሽ ሳይቀር ከእሷ አልጋ የወረደ ነው። ጎንበስ ብላ ንፍሮ ጨመረችላት።

«ብዪ ፅጌ፤ ወሬ ጉሮሮ ያደርቃል።»

ደግፌ፣ ኮልፌ ላይ የብረት በርና መስኮት ይሠራ የነበረው የቀድሞ ባሏ፣ እሑድ ሞቶ ሰኞ ተቀብሯል። ከተፋቱ ዓመት አልሞላቸውም። እናቱ እትዬ አልማዜ ለቅሶው በግቢያቸው፣ በትልቁ ቤት ፊት እንዲሆን ፈልገው ነበር። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ግን እንቢ አሉ። «ደግፌ ከዕድሩ ወጥቷል፤ እርስዎም የገቡት በእሱ ነበር። አባሏ ምሥራቅ ናት። የልጄ አባት ነው ካለች እንወጣለን።»

ምሥራቅም ነው አለች። ድንኳኑ ግን እሷ በተከራየችበት ግቢ ደጅ ይተከል፣ አስከሬኑም በዚያ በር ይውጣ አለች።

«ልጄ ከሰው ኪራይ ቤት ይውጣ?» ብለው ላኩባት አልማዜ።

«ትልቁ ቤት የእርስዎ ነው ተብሎ ተፈርዷል። ዕድሩ የእኔ ነው። ሁላችንም የደረሰንን እንያዝ» ብላ መለሰችላቸው።

ትልቁ ቤት። ምሥራቅ ውዳሴን አርግዛ አሸዋ የነፋችበት፣ ደግፌ መስኮቱን አንድ በአንድ የበየደበት ቤት። ቦታው የአልማዜ፣ ቤቱ የሁለቱ። ፍቺው ሲመጣ ጠበቃ አልያዘችም። የቤተሰብ ሕጉን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ገዝታ፣ ልጇን እያስተኛች አነበበችው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው የሚለውንም ችሎት ፊት ቆማ በቃሏ ተናገረች። ዳኛዋ ከወረቀታቸው ቀና ብለው አዩአት። ያን ቀን ያሸነፈች መስሏት፣ ከደስታዋ ብዛት በታክሲ ሳይሆን በእግሯ ነው ቤቷ የገባችው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አልማዜ ጣልቃ ገብ ሆነው ቀረቡ። «ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ የመጣችው ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ነው» አሉ። ፅጌ መሰከረች። ደግፌ ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ «እናቴ እንዳሉት ነው» አለ። ምሥራቅን የረታት የአሮጊቷ ውሸት አልነበረም። ያቺ አጭር ቃል ነበረች።

የቀረውን ዕቃ ሽማግሌዎች አካፈሉ። ፍሪጁ ለእሷ፣ ቴሌቪዥኑ ለእሱ፣ ውዳሴ ከእናቷ ጋር፣ ቀለብ በየወሩ። ሊነሡ ሲሉ ጋሽ ወልደሰንበት «ዕድሩስ?» አሉ። አንድ ዕድር ለሁለት አይከፈልም።

ደግፌ ሳቀ። «ለእሷ ይሁን። ቀብር ታውቅበታለች፤ እኔን ስንቴ ቀብራኛለች።»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ምሥራቅ ብቻ አልሳቀችም። «እወስዳለሁ» አለች። ደግፌ እንደ አዲስ ተመዝገብ ተባለ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እያለ ሳይመዘገብ ሞተ።

ከቀብር መልስ አልማዜ ትልቁ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ለቀስተኛ ግን ድንኳን ወዳለበት ነው የሚሄደው። የገዛ ወንድማቸው እንኳ ደጃቸውን አልፎ ወደ ምሥራቅ ወረደ። በማግሥቱ አልማዜ ራሳቸው በእግራቸው መጡ። ምሥራቅ ክንዳቸውን ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ያየ ሁሉ ደግ ልጅ ናት አለ። ጆሯቸው ሥር ግን እንዲህ ነበር ያለቻቸው፤

«ድንኳኑ ከመነሣቱ በፊት ቤቱን ማን እንደሠራው ለዚህ ሰው ይነግሩልኛል። ካልሆነ እኔ እናገራለሁ። እኔ ደግሞ አላሳጥርም።»

«በልጄ ለቅሶ?»

«በልጅዎ ለቅሶ። ውዳሴ የአባቷ ወራሽ ናት። እርስዎ የእኔ ነው እስካሉ ድረስ እሷ ከአባቷ የምትወርሰው አንድ ጡብ የለም።»

ለውዳሴ ነው ያለችው እውነት ነበር፤ ግን ግማሹ። ሌላው ግማሽ ችሎት ፊት የዋሹባት ሰዎች ሲያቀረቅሩ ማየት ነበር።

ለቀስተኛው በሰፊው የብረት በር ይገባል፣ ይወጣል። በሩን የሠራው ደግፌ ነው። ከተፋቱ በኋላ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ማንም ሳይጠራው መጣ። የዛገውን ቆርቆሮ ነቅሎ ባለ ሁለት ተከፋች በር ገጠመ። አከራይዋ መረቁት።

«ለማን ብለህ ነው?» አለችው ምሥራቅ።

«ጠባብ ነበር። ዕቃ አያስወጣም።»

«ምን ዕቃ ተውክልኝና?»

መሣሪያውን ሰበሰበ። ከስቶ ነበር፤ ሱሪው በቀበቶ ተሰብስቦ ነው የቆመው። የሚያበላው አጥቶ ነው፣ ይበለው፣ ብላ ገባች።

በሦስተኛው ቀን፣ የዕድሩ ሰዎች አመስግነው ሊነሡ ሲሉ፣ አልማዜ ከፍራሹ ተነሡ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ሰው ለመስማት ጠጋ አለ።

«ቤቱን የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ይቺ ልጅ ሆዷ ገፍቶ አሸዋ ነፍታበታለች። ሜዳ ላይ እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ችሎት ፊት ዋሸሁ። የደግፌ ድርሻ የውዳሴ ነው፤ ስሙልኝ።»

«እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለች ፅጌ።

«አንቺ ዝም በዪ። አንቺም መስክረሻል።»

ፅጌ አቀረቀረች። ምሥራቅ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ሳትቸኩል። ጣፈጣት። ዓመት ሙሉ የራባት ነገር ነበር።

ሰዉ ተበተነ። የዕድሩ ልጆች የድንኳኑን ካስማ ሲነቅሉ ጋሽ ወልደሰንበት ወደ እሷ ቀረቡ።

«ፅጌ የምታወራውን ሰምቻለሁ» አሉ። «አንቺ አታውቂም ነበር። የሚያውቀው እሱ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዕቃ የተካፈላችሁ ዕለት ከሆስፒታል ነው የመጣው። ቁርጡን ነግረውታል። ደጅ ላይ ያዘኝና 'ዕድሩን ማንሣት እንዳይረሱ፤ ለእሷ ይሁን እላለሁ' አለኝ። 'እናቴ ቤቱን ወስደዋል፣ እኔም ዝም ብያለሁ። ሬሳዬ ግን በምሥራቅ በር ይውጣ።' እስክሞት እንዳይነግሯት ብሎ አስማለኝ።»

ምሥራቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ መልሳ ለበሰችው።

«ድንኳኑ በእኔ ደጅ ይተከል ስል ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ እነሱን ላዋርድ ነው ያልኩት።»

«እሱም ያውቅሽ ነበር» አሉና ካስማ የሚቆጥሩትን ልጆች ሊያዩ ሄዱ።

በሩ ለአስከሬኑ እንደተከፈተ ሦስት ቀን ቆይቷል። ምሥራቅ አንዱን ተከፋች ገፍታ ዘጋችው። ሁለተኛውን ያዘች፤ ብየዳው ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ለስልሷል፤ እጅ እንዳይቧጭር ሞርዶታል።

«እማዬ፣ አትዘጊውም?» አለች ውዳሴ ከውስጥ።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።