ሳላሕዲን የፈታቸው

እስቲ ፍረዱኝ። ሮቤ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «የሳላሕዲንን ሽምግልና ያበላሸው ፀጋዬ ነው» ይላል። አንድም ሰው ግን ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ሰምቶኝ አያውቅም። ዛሬ ከመጀመሪያው ልናገር ነው፤ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ እተወዋለሁ።

ሲናና እርሻ ላይ ሠላሳ ዓመት የትራክተር መካኒክ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጡረታ ማለት ግን እጅ አርፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። አንዲት ሳይክል አለችኝ። ከሦስት የሞቱ ሳይክሎች አንዲት በሕይወት ያለች አወጣሁ። የፊት ቸርኬዋ ከአንዷ፣ የኋላዋ ከሌላዋ ነው፤ ኮርቻዋ የተሰፋው ደግሞ ከትራክተር ወንበር ቆዳ ነው። ሰው ሲያያት ይስቃል። የሳቀው ሁሉ ግን ወደ ጎባ በሚወስደው ዳገት ላይ ከኋላዬ ነው።

እሁድ እሁድ ጠዋት ሳይክል የምንወድ ሰዎች መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ሻይ እንጠጣለን ይባላል እንጂ ሥራችን መፎከር ነው። ሳዲቅ፣ ገበያ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጠው የስልጤ ሰው፣ ፊኒክስ ሳይክሉ ላይ ሦስት ደወል አስሯል። አንዱ ለሰው ነው፣ አንዱ ለባጃጅ፣ አንዱ ለጋሪ ፈረስ። ስህተት ደውሎ እንደማያውቅ ይምላል። ተክለማርያም ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ነገር የሚያጠብቅ ሰው ነው። ሃያ አንድ ማርሽ ያላት ሳይክል ገዝቶ የሚጠቀመው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እንዳያልቁ ይቆጥባቸዋል። እኔ ስለ ኮርቻዬ ስጀምር ሁለቱም ሻይ ያዛሉ፤ ቅናት ነው።

ከእኛ መሀል ወጣቱ ሳላሕዲን ነው። እጁ ይባረክ! መንገድ ዳር ባለች ሱቁ አሮጌ ሳይክል ገዝቶ ይፈታል፣ ያጥባል፣ ቀለም ቀብቶ እንደገና ይገጥማል። እሱ የገጠማት ሳይክል ስትሄድ ድምፅ የላትም። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጎባ ነርስ የሆነችውን ሶፍያን ሦስት ዓመት ወዷታል። እሷም ወዳዋለች። አባትና እናቱ ስለሞቱ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ በአቅራቢያው የለም። አንድ እሁድ ሻዩን ሳይነካ ተነሥቶ «እናንተው ሂዱልኝ» አለን። «አባቷ እንቢ ካሉ እኔ ሮቤ አልቀመጥም። በየቀኑ የጎባን መንገድ እያየሁ አልኖርም።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «እንሄዳለን» አልኩ፤ ማንም ሳይሾመኝ ዋና ሽማግሌ ሆንኩ።

«ጋሽ ፀጋዬ፣ በአላህ፣ በመኪና ሂዱ» ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ። የሳይክል ሰው ሽማግሌ በሳይክል ካልሄደ ምኑን የሳይክል ሰው ሆነ? ሱፍ ለበስን፣ የሱሪያችንን ጫፍ ሰንሰለት እንዳይበላው ካልሲ ውስጥ ከተትን፣ ወጣን። የገብሱ ማሳ ግራና ቀኝ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት! ሳዲቅ አንድ የጋሪ ፈረስ ስላስደነገጠ ባለ ጋሪው እስከ ጎባ መግቢያ ድረስ ሰደበን።

የሶፍያ አባት ኦቦ ጀይላን ይባላሉ። በደንብ ያውቁኛል። እንዴት አያውቁኝ? በረንዳቸው ላይ ነጭ አንሶላ ለብሳ የምትቆም አረንጓዴ ራሌ ሳይክል አለቻቸው። እኔም ጎባ ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር «ኦቦ፣ እሷን ይልቀቁልኝ» እላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንቢ ብለውኛል። ይህን ለሳዲቅና ለተክለማርያም አልነገርኳቸውም፤ ምን አገናኘው ብዬ ነው።

ግቢያቸው ስንደርስ ደግነታቸው የታወቀ ነውና «ኮታ፣ ሴና! ግቡ፣ ግቡ!» አሉ። ወንበር ተዘረጋ። እኛ ግን እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ሱሪያችን ገና ካልሲ ውስጥ ነበር። ያን ያስታወሰ ማንም የለም።

እውነቱን ልናገር፤ አንሶላው በአንድ በኩል ተገልጦ ስለነበር የራሌዋን የኋላ ቸርኬ አየሁ። ሲያበራ! ጉሮሮዬን ጠርጌ ስጀምር ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር።

«ኦቦ ጀይላን፣ እርስዎ ቤት አንዲት ዕንቁ አለች። ዝናዋ ሮቤ ድረስ ተሰምቷል። እሷን ለልጃችን ለሳላሕዲን እንዲሰጡልን እጅ ነስተን መጥተናል።»

ፊታቸው ጠቆረ። ዓይኔን ተከትለው ወደ በረንዳው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ገና በር ላይ ሳይህ አውቄያለሁ» አሉ። «አልሰጥም። ሂን ኬኑ!»

እኔ ወሬው ቀድሞን ደርሷል አልኩ። አባት በመጀመሪያው ቀን እንቢ ማለቱ ደግሞ ደንብ ነው፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። «ምክንያት ካለ እንስማ» አልኩ።

«ምክንያት? ሃያ ሰባት ዓመት በእጄ ላይ ናት! ዝናብ አልነካትም። አቧራ አላረፈባትም። ጎባ ውስጥ እንደ እሷ ያለች ካለች ጥሩልኝ!»

«ማሻአላህ» አለ ሳዲቅ፣ አንገቱን እየነቀነቀ። «ልጃችንም እንደዚሁ ነው የሚይዛት።»

«ሳላሕዲን?» ኦቦ ጀይላን ሳቁ፤ የንዴት ሳቅ። «የሳላሕዲንን አያያዝ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ? ስንቷን ፈታ! በዚህ ዓመት ብቻ አራት ፈትቷል! ሱቁ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው!»

ተክለማርያም ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አራት?» አለኝ። እኔ ምን ልበል? ልጁ እሁድ እሁድ ከእኛ ጋር ነው፤ በሌላው ቀን የሚሠራውን በምን አውቃለሁ? ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው አይታወቅም። በሆዴ «አይ ሳላሕዲን፣ ጉድ አደረግኸን» አልኩ።

«ወጣት ነው፣ ኦቦ» አለ ሳዲቅ በደከመ ድምፅ። «ዕድሜ ሲገፋ ይሰክናል።»

«ይሰክናል? አንዷን ፈትቶ፣ ሰልችቶት፣ ለአንድ የደሎ መና ነጋዴ ሸጣት!»

«ሸጣት?» አለ ተክለማርያም።

«ሸጣት! ሌላዋ እስካሁን ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች!»

ተክለማርያም ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እሱ ግን ወጉን ረሳው። «እኔ ፍርድ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ መዝገብ አላየሁም» አለ። «ኦቦ፣ አይስጡ። እኔም ብሆን አልሰጥም።»

«አንተ ከማን ጋር ነህ?» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወደ ኦቦ ጀይላን ዞሬ፣ እየፈራሁ፣ «ግድግዳ ላይ የሰቀላት ማንን ነው?» አልኩ።

«ቻይናዋን ነዋ!»

«የውጭ ዜጋም አለችበት?» አለ ተክለማርያም፣ ራሱን ይዞ።

«መሪዋ የተጣመመውን! ያቺ ፔዳል የሌላትን!» አሉ ኦቦ ጀይላን፣ እኛን እንደ ደንቆሮ እያዩ።

ቀስ እያለ ገባኝ። «ኦቦ» አልኩ፣ «ምንን ለመጠየቅ የመጣን ይመስልዎታል?»

«ራሌዋን ነዋ! ስድስት ዓመት ስትነዘንዘኝ ኖረህ የለም እንዴ!»

«እኛ የመጣነው ለሶፍያ ነው።»

«ለሶፍያ? ለልጄ?»

«ለልጅዎ።»

ኦቦ ጀይላን ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው በራ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «አልሐምዱሊላህ! ቀድማችሁ አትነግሩኝም? እኔ እኮ ደንግጬ ልሞት ነበር! ሳላሕዲን ጥሩ ልጅ ነው፤ ውሰዷት፣ ውሰዷት! ታኣ፣ ተቀመጡ!»

ከቤት ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ብርጭቆ መሰለኝ። ሶፍያ ወጣች። ከሥራ መምጣቷ ይሁን መሄዷ አላውቅም፣ ነጭ ጋውን ለብሳለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ውሰዷት?» አለች።

«ልጄ፣ እንግዶች...»

«ለሳይክሏ ሩብ ሰዓት ተከራከርክ። አቧራ አላረፈባትም አልክ፤ እንደ እሷ ያለች ካለች ጥሩልኝ አልክ። እኔን በአንድ ትንፋሽ ውሰዷት!» በእጇ ወደ እኛ ጠቆመች። «ሰዎቹ እኮ ገና አልተቀመጡም፣ አባ። የጎረቤታችን ልጅ ስትጠየቅ አባቷ ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ መልሷል። እኔ ለአንድ እንቢ እንኳ አልበቃም?»

«አንዱ ተቀምጧል» አለ ሳዲቅ፣ ወደ ተክለማርያም እያመለከተ። ማንም አልሳቀም። ተክለማርያም ተነሣ።

«አላገባም» አለች ሶፍያ። «ሳላሕዲንን እወደዋለሁ፤ ግን እንዲህ ተጥዬ አልወጣም። ለእሷ ያልከውን ለእኔም በል። እኔንም ከልክል።»

ያን ጊዜ እውነትም ፈራሁ። የልጁ ሕይወት በእኔ አፍ ተበላሸ ብዬ አሰብኩ። ያ ሻዩን ሳይነካ የተነሣው ልጅ ፊቴ ድቅን አለብኝ።

ኦቦ ጀይላን እንደ ተማሪ ቆመው ቀሩ። «ምን ልበል?» አሉ።

«ያልከውን።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኛም ልብሳችንን አስተካክለን እንደገና ቆምን፤ ወጉ ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው። «እንግዲህ» አሉ፣ እያፈሩ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት በእጄ ላይ ናት። ዝናብ አልነካትም...» ቆም አሉ። «ዋሸሁ። ነክቷታል። አራተኛ ክፍል እያለች ከትምህርት ቤት በሳይክሏ ይዣት ስመጣ በረዶ ያዘን። ኮቴን አውልቄ ሸፈንኩ። ሳይክሏን ሸፈንኩ! ልጄ በትኩሳት አንድ ሳምንት ተኛች። እናቷ ያን ነገር እስክትሞት አልረሳችልኝም።»

«እኔ አላስታውስም» አለች ሶፍያ ቀስ ብላ።

«እኔ አስታውሳለሁ። እናቷ ከሞተች በኋላ...» ወደ እኛ ነው የሚያወሩት፣ ግን ሊያዩን አልቻሉም። «ሥራ ውዬ ማታ ስገባ «አባ መጣህ?» የምትለኝ እሷ ናት። በሩን ገፋ ሳደርግ፣ ገና እግሬ ሳይገባ። ሳይክል «መጣህ?» አይልም። አሁን ስትወስዷት ማን ሊለኝ ነው? ተናገሩ እስቲ! ሽማግሌ አይደላችሁም? ማን ሊለኝ ነው?»

ሳዲቅ በሱፉ እጅጌ አፍንጫውን ጠረገ። እኔም፣ ምን ያስደብቀኛል፣ አለቀስኩ።

«ሂን ኬኑ!» አሉ ኦቦ ጀይላን። ይህኛው ከጉሮሮ አልነበረም፤ ከሆድ ነበር። «አልሰጥም! ልጄን አልሰጥም! ውጡልኝ!» ብለው በረንዳው ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሶፍያ አጠገባቸው ተቀምጣ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። «በቃ፣ አባ፣ በቃ» ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ «ገና አልጨረስኩም» ይላሉ።

ቀስ ብለን ወጣን። ሳይክላችንን ከአጥሩ ስናነሣ ሶፍያ ሮጣ ደረሰችብን። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ጋሽ ፀጋዬ፣ እሁድ ትመለሳላችሁ አይደል?»

«እንመለሳለን እንጂ!»

«ያን ጊዜም እንቢ ካለ?»

«ሦስተኛም እንመጣለን፤ አራተኛም» አልኳት። «ግን ልጄ፣ አሁን ሳላሕዲን ሮቤ መግቢያ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀን። ምን እንበለው?»

ወደ በረንዳው ዞር ብላ አባቷን አየቻቸው። እሳቸው አሁንም ፊታቸውን ሸፍነዋል። እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገችና ሳቀች፤ እንዲህ ያለ የደስታ ሳቅ በዕድሜዬ አላየሁም።

«አባቴ ከለከለኝ በሉት» አለች።