ማረፊያ ያጣው ስም

ሳላ የመጣችው ስም ልትለምን ነበር። ሆዷ ገፍቷል፤ የካፖርቷ ዚፕ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ ብሎ ቆሟል። በሩ ላይ ቆማ ከጫማዋ በረዶ ስታራግፍ ቆየች። ያን ያህል የሚራገፍ በረዶ እንኳ አልነበረም፤ አፍራ ነው። አሮጊቷ ኡቪሉክ መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው ከባሕር የታደነ የአቆስጣ ቆዳ ይሰፋሉ። ቀና ብለውም አላዩዋት።

«እማማ፣ የቱማሲን ስም ለዚህ ለሚመጣው ቢሰጡኝ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ሆዷን እየነካች።

«ስሙ ባለቤት አለው።»

«ማን? ከሱ ወዲህ በቤታችሁ የተወለደ የለ!»

«አኪኒሲ ትወልዳለቻ። የልጄ ስም ከቤቴ አይወጣም። አንቺ የአያትሽን ስጪው። ማንኮራፋታቸው ነው እንጂ ደግ ሰው ነበሩ።»

ሳላ እንደ መሳቅ ብላ ወጣች። ጥግ ላይ ሻይ ትቀዳ የነበረችው ምራታቸው አኪኒሲ ግን አልሳቀችም። ሻዩ ሞልቶ ፈሰሰባት።

በዚህ በሰሜኑ የበረዶ አገር፣ እኛ ጋ ሰው ሲሞት ስሙ አብሮት አይቀበርም። ለሚወለድ ልጅ ይሰጥና ሟቹ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። ልጁን የሟቹ እናት «ልጄ» ትለዋለች፣ የሟቹ ወንድም «ወንድሜ» ይለዋል፣ ሟቹ ይወደው የነበረውን ያጎርሱታል። ወንድ ሆነ ሴት ለውጥ የለውም። ሥጋ እስኪያገኝ ድረስ ግን ስሙ ብርድ ላይ ነው። ቱማሲ የአሮጊቷ የመጨረሻ ልጅ፣ የአኪኒሲ ባል የፓውሉሲ ታናሽ ነበር። ባሕሩ ላይ የረጋው በረዶ መሳሳት በጀመረበት ሰሞን ወደ ማዶ እሻገራለሁ ብሎ፣ በረዶ ላይ ከሚነዳው ሞተሩ ጋር ባሕሩ ዋጠው። ሬሳው አልተገኘም። ለእናቱ የቀራቸው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት። ጥበቃው ግን ያለቅጥ በዛ። የቆጠቡት ለምራታቸው ማሕፀን ነው፤ ያ ማሕፀን ምን እንደተደረገ ደግሞ ከእነሱ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤቲቱም ጭምር።

አኪኒሲ ሁለት ልጆች አሏት። ሁለተኛዋን ስታረግዝ፣ እንደዚያ ዘመን ነፍሰ ጡር ሁሉ፣ ወሯ ሲቃረብ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ተላከች። ባል የለ፣ እናት የለ፣ የሚበላው ሁሉ የተቀቀለ ካርቶን የሚመስልበት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ብቻዋን ወለደች። ልጅቷ ጡት እስክትጠግብ አኪኒሲ ሁለት ክረምት ያህል ከመውለድ ማረፍ ፈለገች። የፈለገችውንም ታውቀዋለች፤ የመንደራችን ነርስ ራሷ የምትውጠውን ክኒን አሳይታታለች። ስለዚህ ዶክተሩ አልጋዋ ጋ ሲመጣ ባላት ጥቂት እንግሊዝኛ፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ክኒን» አለችው። ሰውዬው ክፉ ፊት አልነበረውም። ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ። እናንተ አደን ትወጣላችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ትረሺዋለሽ፣ እኔ ከዚያ የተሻለ አደርግልሻለሁ፣ ታርፊያለሽ አላት። «ታርፊያለሽ» የሚለውን ብቻ ሰማች። በማግሥቱ በማደንዘዣ አስተኟት። ስትነቃ ከእምብርቷ ሥር ትንሽ ቁስል አገኘች። የመንደር ጎረቤቷ ማሕፀኗ ውስጥ የገባላት የወሊድ መከላከያ፣ ሉፕ፣ ለሷም የገባላት መሰላት፤ ሉፕ ደግሞ ሲፈልጉ ይወጣል።

ያን ጊዜ ለምን አልጮኸችም የሚል አይጠፋም። በትልቅ ሰው ፊት መጮህ እኛ ጋ ነውር ነው። ያልተስማማ ሰው ዝም ይላል፤ ሌላውም ዝምታውን አይቶ ይተዋል። ዶክተሩ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። ለነገሩ ዝም ባትልም አይሰማትም ነበር። ክኒን ስትለው መች ሰማት?

ቱማሲ ከሞተ በኋላ እንግዲህ ሉፑ ይውጣልኝ አለች። ነርሷ ዶክተር ካልመጣ አልነካውም አለቻት። ዶክተር ይዞ የሚመጣው አውሮፕላን ደግሞ አንዴ ጭጋግ፣ አንዴ ነፋስ እያለ ይቀራል። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ሰማዩን አይተው «ዛሬም አይመጣም» ይሉና ስፌታቸውን ያነሳሉ። በመካከሉ ሳላ ወንድ ልጅ ወለደች፤ የአያቷንም ስም ሰጠችው።

በመጨረሻ አውሮፕላኑ አንዲት ወጣት ዶክተር ይዞ መጣ። የምታስተረጉመው የመንደራችን ሊዲያ ናት። ሊዲያ ወሬ ካገኘች ሻይ ሳትጠጣ የምትውል ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አፏ ተሳሰረ። ዶክተሯ አኪኒሲን አስተኝታ መረመረች፣ እንደገና መረመረች፣ ከዚያ ዓይኗ እምብርቷ ሥር ካለው ጠባሳ ላይ አረፈ። ቀስ ብላ ዳሰሰችውና ብዙ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አለች አኪኒሲ።

«ሉፕ የለሽም ትላለች።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያለኝ?»

ሊዲያ ወደ ዶክተሯ ዞረች፤ መልሳ ወደ አኪኒሲ። «ቆርጠውሽ ነው። ልጅ የሚመጣበትን ቱቦ ቆርጠው ቋጥረውታል።»

«እሺ፣ ትፍታልኝ።»

«አይፈታም፣ አንቺ።»

«እነሱ ቋጥረውት እነሱ መፍታት ያቅታቸዋል?»

«አይፈታም አለችሽ እኮ!» ሊዲያ ማልቀስ ጀመረች። «ፈቅደሽ ነው ወይ ብላ እየጠየቀችሽ ነው።»

«ክኒን ነው ያልኩት። ንገሪያት። ክኒን ነው ያልኩት፣ ሌላ ምንም የጠየቀኝ የለም በያት።»

ዶክተሯ ሰማችና አንገቷን ደፋች። «በጣም ይቅርታ ትላለች» አለች ሊዲያ።

«እሷ ምን አደረገች? ይልቅ ልብሴን አቀብይኝ።»

ቤት ስትደርስ ባሏም አማቷም ሻይ ይዘው ይጠብቋት ነበር። ቆማ ነገረቻቸው። ፓውሉሲ ኩባያውን አስቀመጠና ወጣ፤ ምንም ያልሆነውን የበረዶ ሞተር ይፈታታው ጀመር። አሮጊቷ ግን ቱግ አሉ።

«ታውቂ ነበር? እያወቅሽ ነው ልጄን ብርድ ላይ ያቆየሽብኝ?»

«እማማ፣ እኔ በምን አውቄ?»

«ሰው ሆዱ ሲቆረጥ አያውቅም?»

አኪኒሲ ካፖርቷን አወለቀች። ሹራቧን ገልባ ጠባሳውን አሳየቻቸው። ጥፍር የምታህል ነገር ናት። አሮጊቷ ተጠግተው አዩ፣ ከዚያ ስፌት ያሻከረው እጃቸውን እዚያች ላይ አሳረፉ።

«እኛ እንኳ የሰው ውሻ ስናኮላሽ ባለቤቱን እንጠይቃለን» አሉ። ድምፃቸው ወርዷል። «ምን አድርገናቸው ነው?»

«እንጃ፣ እማማ።»

«ሳላን እኮ መለስኳት። እርጉዝ ሴት ደጄ ድረስ መጥታ መለስኳት። ልጄን ብርድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።» ቆዳውን ከጭናቸው ላይ ገፍተው አለቀሱ፤ ቱማሲ የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሱም።

አኪኒሲ የራሷን ለቅሶ ዋጠችው። ካፖርቷን መልሳ ለበሰች። አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ስም ሊሸከም ይችላል፤ ይህ በእኛ ዘንድ ያለ ነው። ያንን ሁለቱም ያውቁታል፤ አሮጊቷ ግን «እኔ በምን ፊቴ?» ብለው ተቀመጡ። ስለዚህ ስሙን ይዛ ወደ ሳላ ቤት የሄደችው፣ ለራሷ ልጅ ስትጠብቀው የነበረችው አኪኒሲ ናት። መንገዱ አጭር ነው፤ እሷ ግን ሁለቴ ቆመች። አንዴ ልትመለስም ዳድቷት ነበር። ስሙ እሷ ዘንድ እስካለ ድረስ የማይሆነው ነገር ሊሆን የሚችል ይመስላት ነበር፤ ከሰጠችው በቃ አለቀ።

ሳላ ልጁን እያጠባች ነበር። እንግዳዋን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ደግሞ ምን ልትከለክሉኝ ነው?»

«ልሰጥሽ ነው የመጣሁት» አለች አኪኒሲ፤ ከዚያም ሁሉን ነገረቻት።

ሳላ ሰምታ እስክትጨርስ ልጁ ከጡቷ ወጥቶ ያለቅስ ነበር፣ እሷ ግን አላወቀችም። ኋላ እንባዋን በልጁ ፎጣ ጠርጋ፣ «ይሸከመዋል። ትከሻው ሰፊ ነው። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ በሞተር ይከንፋል፤ እኔ ነኝ መከራዬን የማየው» አለች። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። «ነይ፣ በራስሽ አፍ ስጪው።»

አኪኒሲ ልጁን ተቀበለች። ይከብዳል። ወተት ወተት ይሸታል። አፏን ጆሮው ላይ አደረገች። «ቱማሲ» አለችው። ልጁ ማልቀሱን አቆመ። ለእናቱ መለሰችውና ቶሎ ወጣች።

በማግሥቱ አሮጊቷ ገና ሳይነጋጋ ሳላ ቤት ነበሩ። «ልጄ፣ እንዲህ አሳቅቀኸኝ ትመጣ?» እያሉ የልጁን እግር ሲስሙ ጎረቤት ሁሉ ሰማቸው። ፓውሉሲም ትኩስ የአቆስጣ ጉበት ይዞ ሄደ። «ወንድሜ ጥርስ የለውም እንጂ አሁኑኑ ይበላው ነበር» አለ። አኪኒሲ ቤቷ ቀረች። ደስ ብሏታል፤ እውነትም ደስ ብሏታል። ደስታው ግን እንደ ሌላ ሰው ምግብ ሽታ ከውጭ ነበር የሚመጣባት።

ዶክተሯ ከመመለሷ በፊት ሳላ መጥታ እጇን ይዛ ጎተተቻት። እሷም ትንሽ ማረፍ ፈልጋለች። «ካንቺ ጋር ካልሆነ እዚያ ክፍል አልገባም። ያስተኙኛል» አለች።

ገቡ። ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባንድ አስቀመጠች፤ ክኒን፣ መርፌ፣ ሉፕ። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያመጣ ተናገረች፤ ሊዲያም ተረጎመች። ዘላለም የሚዘጋም አለ፣ እሱን ራሷ ካልጠየቀች በቀር ማንም አያደርግባትም አለች።

«አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

ሳላ ወደ አኪኒሲ ዞረች። «የቱ ይሻለኛል?»

«አንቺን እኮ ነው የጠየቀችሽ።»

ሳላ አሰበች። «ክኒኑን ባቆም እንደገና እወልዳለሁ?» ብላ ጠየቀች። አዎ ተባለች። «እንግዲያው ክኒን» አለች። ዶክተሯ እሺ ብላ አነሳችና ሰጠቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ምድጃ ላይ የተጣደው ሻይ እንኳ ገና አልፈላም።

አኪኒሲ ተነሥታ ወጣች። ሊዲያ ተከትላት ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስትንሰቀሰቅ አገኘቻት።

«ምነው? በሰላም ሰጠቻት እኮ!»

«አይ፣ እሱስ ደግ ነው» አለች አኪኒሲ። ትንፋሽዋን ሰብስባ ቀና አለች። «ይህን ያህል አጭር ነበር እንዴ ጥያቄው?»