ያልተደበዘዘ ፊት

መምህሩ ትምህርት የሚጀምሩት ሁልጊዜ በዕለቱ ዜና ነበር። ገና ቦርሳቸውን ሳያሳርፉ ፕሮጀክተሩን ያበሩና «እስቲ አገሩ እንዴት አደረ» ይላሉ። ከዚያ አንድ ዜና ይከፍታሉ፤ ተማሪው እየተነሳ ምንጩ ማን እንደሆነና ምን እንደጎደለው ይናገራል። የጋዜጠኝነት ክፍሉ ልጆች ይህን ሰዓት ይወዱታል። ያላነበበውም ያነበበ መስሎ አፉን የሚያፍታታበት ሰዓት ነዋ።

ያን ዕለት ግን ከዜናው ቀጥሎ ሌላም ጉዳይ ነበር። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሠሯቸው ቪዲዮዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዱም ከሥራው ምን እንደተማረ ለክፍሉ ይናገራል። ሚጣ ከጓደኛዋ ጎን ተቀምጣ የላበ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ሰው ፊት መናገር ድሮም አይሆንላትም።

ሚጣ ያሳደገቻት አክስቷ ያወጣችላት የቤት ስም ነው። ጓደኛዋን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ «ቀጥታ» ይላታል። ካፌ ገብታ ሻይ ስታዝ እንኳ በቀጥታ ስርጭት ላይ ያለች ነው የምትመስለው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ቀጥታ ትናገራለች፣ ሚጣ ትቀርጻለች፤ አንዷ የጎደላትን ሌላዋ ትሞላለች።

ቪዲዮአቸው የሚጣ አክስት ስለምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። አክስቷ እዚያ ኮሌታ ስትገጥም ኖራለች። በዚያ ሰሞን ከማቅለሚያው ክፍል የሚወጣው ጢስ ወደ ስፌቱ አዳራሽ እየገባ፣ ሴቶቹ ማሽናቸው ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። መስኮቶቹ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ተብሎ ተቆልፈዋል። አለቆቹ «ቁርስ ሳትበሉ እየመጣችሁ ነው» ይላሉ።

አክስቷ ማታ ማታ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ የአለቃዋን አነጋገር እያስመሰለች ይህንን ስታወራ ሚጣ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳቁ አልመጣላትም። «እታለም፣ ለምን አልቀርጽሽም?» አለቻት።

«እኔን? በዚህ ፊት? ካሜራሽን ልትሰብሪው ነው?» አለች አክስቷ። ቆየት ብላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፊቴ ከታየ በማግስቱ ከበር ነው የሚመልሱኝ፣ ሚጣዬ። ይሄ ቤት ደግሞ የሚያድረው በእኔ እጅ ነው።»

ለቀረጻው የመጣችው ቀጥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማለች። «እትዬ፣ እኔን ይመኑኝ። ፊትዎን እናደበዝዘዋለን፣ ድምፅዎንም እንቀይረዋለን። እናትዎ ቢያዩ እንኳ አይለዩዎትም።»

«እናቴማ ከሞተች ቆየች፤ እሷ ብትለየኝ ግድ የለኝም» አለች አክስቷ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ሳቋን ስትጨርስ ከጎኗ ባለው ማሽን ላይ ስለምትሠራው ልጅ አወራች። ልጅቷ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ እጇ ማሽኑ ውስጥ ስለቀረ መርፌው ጣቷን በስቶት አልፏል። አክስቷ ይህን ስትናገር ዓይኗን ከካሜራው አልነቀለችም። ሚጣ ከካሜራው ጀርባ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ቀረጸች።

ለክፍሉ የሚሆነውን ሚጣ ራሷ አቀናበረችው፤ ፊቱንም ምኑንም እንዳይለይ አድርጋ አደበዘዘችው። ቀጥታ «ትረካውን ስጽፍ ድምፁን በደንብ ልስማው» ብላ ጥሬውን ቪዲዮ ስትጠይቃት ግን ምንም ሳታመነታ ሰጠቻት። ለእሷ ያልሰጠችውን ለማን ትሰጣለች?

ቪዲዮዎቹ በሚታዩበት በዚያ ጠዋት መምህሩ ፊታቸው በርቶ ነበር። «የዛሬውን ዜና ሩቅ አንፈልገውም፤ ከመካከላችን ነው የወጣው» አሉና የትናንት ማታውን ዜና ከፈቱ።

የአክስቷ ፊት ግድግዳውን ሞላው።

ሚጣ መጀመሪያ የእነሱ ፋይል ተሳስቶ የተከፈተ መሰላት። ከዚያ ጥግ ላይ የጣቢያውን ምልክት አየች። አክስቷ ከነዓይኗ፣ ከነድምፅዋ፣ አገጯ ላይ ካለው ጠባሳ ጋር ትናገራለች። በመጨረሻ ዜና አንባቢው ዘገባውን ያጠናቀረችውን ሰው ጠራ፤ የጓደኛዋ ስም ከነአባቷ። ክፍሉ አጨበጨበ። አንዱ ከኋላ «ቀጥታ በቀጥታ!» ብሎ ሌላውን አሳቀ።

«ፊቷስ?» አለች ሚጣ።

«ስንወጣ እነግርሻለሁ» አለች ቀጥታ፣ ወደ ፊት እንዳየች።

«ፊቷስ ነው የምልሽ።»

«የተደበዘዘ አንወስድም አሉኝ። ሰው ፊት ካላየ አያምንም አሉ። ምን ላድርግ?»

«እምቢ ትያቸዋለሻ።»

ቀጥታ ቀለበቷን አዞረች። ከዚያ እንደ ሕፃን ቀጭን በሆነ ድምፅ «ሊቀጥሩኝ ነው፣ ሚጣ» አለች።

መምህሩ ምን እንደተማረች እንድትናገር ቀጥታን አስነሷት። ጋዜጠኛ ድፍረት እንደሚያስፈልገው፣ አንድ ሰው ሲናገር ብዙ ሰው እንደሚድን አሳምራ ተናገረች። ስትቀመጥ ሚጣ ማንም ሳይጠራት ተነሳች።

«ያያችኋት ሴት አክስቴ ናት» አለች። «ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፊቷ እንደማይታይ ቃል ስለገባንላት ነው የተናገረችው። ቪዲዮው ለጣቢያ እንደተሰጠ እኔም አሁን፣ ከእናንተ ጋር ነው ያወቅኩት። የተማርኩት ይሄ ነው።»

ከኋላ የነበረው ሳቅ ጠፋ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህንን እንኳ ለብቻችን ብንነጋገርበት ይሻላል። ጣቢያው ደውሎ ሲጠይቀኝ ጓደኛሽ ፈቃድ አለን ብላኛለች።»

«መምህር፣ ምንጩን ጠየቃችሁ ወይ እያሉ በየቀኑ ይይዙናል። እኔን ጠየቁኝ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ሚጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አክስቷን ያገኘቻት ቤት ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ተቀምጣ ስታያት መጠየቅም አላስፈለጋትም። ፋብሪካው ውስጥ ወንበሯ ላይ ታነጥፈው የነበረው ትራስና መቀሷ በፌስታል ሆነው አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«ጥበቃው ነው ያበሠረኝ» አለች አክስቷ። «‹እትዬ፣ ማታ በቴሌቪዥን አምሮብሽ ነበር› ብሎ ይሄን ፌስታል አቀበለኝና በሩን ዘጋብኝ።» ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን እምቢ አላት። «እንሸፍንሻለን ብላችሁኝ አልነበር?»

ሚጣ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ጥሬው ቪዲዮ፣ ስለ ቅጥሩ፣ ስለ መምህሩ። አክስቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እኔ ያችን ልጅ አላውቃትም» አለች በኋላ። «ካሜራው ፊት የተቀመጥኩት አንቺን አምኜ ነው።»

ብትሰድባት፣ ብትመታት ለሚጣ በተሻላት። አክስቷ ግን ተነስታ ምሳ ልታሞቅ ሄደች።

ሚጣ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ቪዲዮውን እንዲያወርዱት ለመነች። አንዱ ወደ አንዱ እየመራት ሰነበቱና አገር ምድሩ አይቶ ከጠገበ በኋላ ፊቱን አደበዘዙት። ፋብሪካውም ተቆጣጣሪ ተልኮበት መስኮቶቹን ለመክፈት ተገደደ። ይህን ለአክስቷ ያወሩላት በመንገድ ያገኟት የድሮ የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ አየሩ ተለውጧል፣ ማንም አይወድቅም አሏት። «ተመስገን» አለቻቸው፤ ከልቧ ነበር። እሷ ግን የትኛውም ፋብሪካ «በቴሌቪዥን የወጣችው» እያለ ስለመለሳት እቤት ሆና የጎረቤት ልብስ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ጀመረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቀጥታ መጣች። የጣቢያውን ጃኬት ለብሳለች፤ ከኋላዋ ካሜራ የተሸከመ ሰው ቆሟል። ሚጣ በሩ ላይ ሆና መንገድ አልሰጠቻትም።

«ስለ ተከፈቱት መስኮቶች ዘገባ ልንሠራ ነው» አለች ቀጥታ። «እትዬ አንድ ሁለት ቃል ቢሉን ብዬ ነው። ይቅርታም ልጠይቃቸው።»

አክስቷ ከማሽኗ ቀና አለች። «ልጄ፣ ለይቅርታ ከሆነ ግቢ። ሰውየው ግን ውጭ ይቆይ።»

ቀጥታ ወደ ካሜራ ባለሙያው ዞረች። እሱ ሰዓቱን አየ። አንድ እግሯ ደፉ ላይ እንዳለ ትንሽ አመነታችና መለሰችው። «ሌላ ቀን ተረጋግቼ እመጣለሁ፣ እትዬ» አለች።

ሚጣ እስከ ውጭው በር ተከተለቻት። ቀጥታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «መስኮቶቹ ተከፍተዋል እኮ። ይሄ ምንም አይደለም?» አለቻት።

«ነው እንጂ» አለች ሚጣ። «እሷ ግን እዚያ የለችም።»

በሩን ዘግታ ስትመለስ አክስቷ የሱሪ እግር እያሳጠረች ነበር። ሚጣ ክፍል የምትገባበት ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ልታይ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ከፍ አደረገችው። አክስቷ እጇን ከጨርቁ ሳታነሳ፣ ሳታስበውም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።