አንድ ከብት ያለበት

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ነው። ከባድ፣ ጎተት ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሲር የሚል ትንፋሽ፤ ከሥሩ ደግሞ የሳር ኮሽታ። የሱፍ ከደጃፉ ቆሞ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። መስኮት የሌላት ጎጆ ናት። የኮምቦልቻ ፀሐይ ዓይኑን አጭበርብሮት ስለነበር ወለሉ ላይ ከተጎዘጎዘው ሳር በቀር የታየው ነገር አልነበረም።

«በሬ ነው፤ እያመሰኳ ነው» አለ በልቡ።

ሊገባ አንድ እግሩን አነሳና መለሰው። የተጫማው የታላቅ ወንድሙን ጫማ ነው፤ ለሥራ መጀመሪያው ቀን ተለምኖ የተገኘ፣ ቀለም የጠገበ ጥቁር ጫማ። እንዴት አድርጎ ፍግ ይርገጥበት! ጎጆዋን በውጭ ዞሮ በሜትሩ ለካና ቅጹ ላይ «አገልግሎት» ከሚለው ሥር ጻፈ፦ በረት፣ አንድ ከብት ያለበት።

«ያችንስ ቤት አየሃት፣ ልጄ?» አሉ ባለቤቷ ወይዘሮ ዘይቱና ከማድ ቤት ሆነው።

«አይቻታለሁ፣ እማማ።»

«ጎሽ! እሷ ናት ቤቴ። የቀረውማ ቆርቆሮ ነው።»

የሱፍ ሰማ፤ ግን ልቡ ቦርከና ወንዝ ዳር ካሉት ዛፎች ጋር ሄዶ ነበር። ልማዱ ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ እናቱ ደጅ ተቀምጦ የጦሳ ተራራን ደመና ሲያይ ከርሟል። በ1976 ዓ.ም. ግን አዲስ መንገድ ሊያልፍ ኮምቦልቻ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቤቶች ይፈርሳሉ ተባለና፣ ለቤት ግምት ሰው ሲፈለግ ተቀጠረ፤ ሦስት ወር በሙከራ። እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ የመንግሥት ሥራ ያዘልኝ» ብላ አዳርሳለች።

ሥራውን የሚያሳየው አቶ ማረው ነበር፤ በቤት ግምት ሃያ ዓመት የቆየ ሰው። ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ፣ «ስማ የሱፍ፣» ብሎት ነበር፣ «ገማች በዓይኑ አይገምትም፣ በእግሩ ነው። ያልገባህበትን ቤት እንዳትጽፍ።» የሱፍ ጉሙን እያየ «እሺ» አለ።

ወይዘሮ ዘይቱናም ሲቀበሉት ስሙን ጠይቀው ነበር። «የሱፍ» ሲላቸው ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! የኛው ልጅ! አንተንስ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው እያሉ ማስረዳት አያሻም።»

ሐሙስ ዕለት፣ ቅር ያለው እንዲናገር፣ ግምቱ በቀበሌው አዳራሽ ተነበበ። ለመኖሪያ ቤት ምትክ ቦታ ይሰጣል፤ ለበረት ግን አይሰጥም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። አቶ ማረው መነጽሩን ሰክቶ ቀጠለ፦

«ወይዘሮ ዘይቱና። አንደኛ፣ ባለ አርባ ቆርቆሮ መኖሪያ ቤት። ሁለተኛ፣ በረት፣ አንድ ከብት ያለበት።»

«ዘይቱና!» አለ ልብስ ሰፊው በሺር ከኋላ፣ «በሬ ስትገዢ ሳትነግሪን? ቅርጫ እንዳንጠይቅሽ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ወይዘሮ ዘይቱና አልሳቁም። «ወላሂ፣ በሬም ላምም የለኝ! የቱ ነው በረቱ?»

«ከጓሮ ያለችው ጎጆ» አለ አቶ ማረው።

«ዱዓ ቤቴ? ሠላሳ ዓመት ጫማ ረግጧት የማያውቅ ዱዓ ቤቴ?»

ሳቁ ተቆረጠ። ያኔ ነው የሱፍ ከጀርባው የሰማው፤ ከባድ፣ ጎተት ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሲር የሚል ትንፋሽ። ዞሮ ማየት አላስፈለገውም። ግን ዞረ። የወይዘሮ ዘይቱና ታላቅ ወንድም፣ ዓይነ ሥውሩ ሸህ እንድሪስ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። የሱፍ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«የሱፍ፣ ገብተህ አይተሃል?» አለ አቶ ማረው።

እናቱ ትዝ አለችው። የሙከራው ሦስት ወር ትዝ አለው። «ገብቻለሁ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ጨለማ ሆኖብኝ ነው።»

«ተዉት» አሉ ሸሁ። «ልጁ አልዋሸም። ሳር ላይ ተቀምጬ ስተነፍስ ሰምቶኝ ነው። ከብቱ እኔ ነኝ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከከብት የሚለየን ምን አለና?»

በሺር እንኳን ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር የሱፍ፤ ቢመቱት ይሻለው ነበር። የሸፈኑለት ውሸት ከራሱ ውሸት ይልቅ አቃጠለው።

«አልገባሁም» አለ። «ፍግ ያለበት መስሎኝ… ለጫማዬ ሳስቼ ነው።»

አቶ ማረው አልተቆጣም። መነጽሩን አወለቀና «ተነሥ። በእግርህ» አለው።

ወይዘሮ ዘይቱና የሸሁን እጅ ይዘው፣ አራቱም ወደ ጎጆዋ ሄዱ። የሱፍ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ የካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱን አወጣው። ሳሩ ንጹሕ ነበር፤ የዚያኑ ዕለት የታጨደ። ግድግዳው ላይ ለዱዓ የሚመታው ድቤ ተሰቅሏል። ሸሁ ቦታቸው ተቀመጡ፤ እሱ በዙሪያቸው እየዳኸ ለካ። «በረት» የሚለውን ሰርዞ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

«መኖሪያ በል» አለ አቶ ማረው በሹክሹክታ። «ለዱዓ ቤት ቅጹ ላይ ቦታ የለንም። መኖሪያ ካልክ ምትኩን ያገኛሉ።»

የሱፍ ጻፈ። ወይዘሮ ዘይቱና ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከዚያ የሱፍ ሸሁ ፊት ተንበረከከ።

«ሸሁ፣ ተስተካክሏል። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል። አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ለጠየቀ ሰው መልሱ ይታወቃል፤ «አፉ ብያለሁ» ነው። ልጅም ያውቀዋል። የሱፍ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

ሸሁ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። በእጃቸው መቃኑን ዳበሱ። ደጃፉ ላይ የሱፍ ያወለቀውን የወንድሙን ጫማ በእግራቸው ነክተው አለፉት፤ የራሳቸውን አገኙና ተጫሙ። ትንፋሻቸው ግቢውን አቋርጦ፣ ከአጥሩ ወጥቶ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደ።