ከሁለቱ ማን ይበልጥ ነበር

ባህረዲን ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ቀድሞ ይጠይቃል፣ ለቅሶ አይቀርም፣ ዱባይ ተራ በሚገኘው የማልያና የስፖርት ጫማ ሱቁም ደንበኛ አስቀይሞ አያውቅም። የፉርቃን ስም ሲነሳ ግን ቅጥል ይላል።

ፉርቃን አብሮ አደጉ ነው፤ በሰፈሩ ቡድን ሁለቱም አጥቂ ነበሩ። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምህረት አንድ የየመን አሰልጣኝ አጥቂ ፍለጋ መጥቶ ሦስት ቀን ሲያያቸው ሰነበተና ባህረዲንን መረጠ። አዎ፣ ባህረዲንን! አባቱ ግን "ሱቁን ማን ሊከፍተው ነው? ኳስ ደግሞ ሥራ ሆነ?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ልጅየው የአባቱን ቃል አክብሮ ቀረ፤ በእሱ ቦታ ፉርቃን ሄደ።

ሄዶስ መች ዝም አለ! ከሰነዓ ካርቱም፣ ከካርቱም ሙስካት፣ ከሙስካት ቤሩት ገባ። ጎል ባገባ ቁጥር ወሬው ሳይውል ሳያድር መርካቶ ይደርሳል። ባህረዲንም "መጀመሪያ የተመረጥኩትኮ እኔ ነኝ" ማለት ጀመረ። ሰዉ አንድ ሰሞን አዳመጠው፤ ከዚያ መሳቅ አመጣ። የጎረቤት ባለሱቅ ቡርሃንማ የዕለት ቀልዱ አደረገው። ሚስቱ ዘሀራ እንኳ "እሺ" ትለዋለች፤ ሕፃን ለማባበል የሚባለውን ዓይነት እሺ። አባቱ አልፈዋል፣ አሰልጣኙ የት እንደገባ አይታወቅም። ከእንግዲህ ሊመሰክርለት የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ያው የሚቀናበት ፉርቃን ነው።

በሁለት ሺህ ሁለት ፉርቃን ኳስ አቁሞ ጠቅልሎ አገሩ ገባ። በመጣ በሳምንቱ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከአንዋር መስጊድ በቀጥታ ባህረዲን ሱቅ ሄደ። ተራው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባህረዲን ሲያቅፈው ሰውየው ቦርጭ የሚባል ነገር የለውም፤ ይሄ ራሱ አናደደው። ዘሀራ ደግሞ ምሳ ይዛ ስትመጣ ያቀረበችው ለኢድ ብቻ በሚወጣው ሰሃን ነው። "ለእኔ ከተጋባን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በፕላስቲክ!" አለ ባህረዲን በሆዱ።

ምሳው ሲጋመስ ቡርሃን አላስችል አለው።

"እስቲ ፉርቃን፣ በአላህ ዛሬ ገላግለን። ይሄ ሰውዬ 'የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ፣ እበልጠው ነበር' እያለ ጆሯችንን በላው። እውነት ነው?"

ዘሀራ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች።

ፉርቃን የጎረሰውን ዋጠ። "ወላሂ እውነት ነው። የተመረጠው እሱ ነው፤ ይበልጠኝም ነበር። እሱ ሄዶ ቢሆን እኔን እዚህ ማልያ ስሸጥ ታገኙኝ ነበር።"

አሥራ ስድስት ዓመት የተጠበቀ ቃል! ከዚህ ወዲያ የባህረዲን ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት። ግን ሰው ፊት ሲያሞግሱት ዝም እንዲል ተደርጎ አይደለም ያደገው። እንግዳ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ባለቤት ቶሎ ብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ወጉ ነው። አፉ ልቡን ቀደመው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረና፣

"ኧረ በአላህ ፉርቃን! እኔ ካንተ ጋር የት ደርሼ! ምኑ ይገናኛል?" አለ።

ሱቁ በማሻአላህ ተናወጠ።

"አደቡን አያችሁት?" አለ ቡርሃን ፉርቃንን እያሳየ። "ይሄን ሁሉ አገር ረግጦ፣ ዝናው ሳያሰክረው፣ ጓደኛውን ከፍ ሲያደርግ! ባህረዲንም ይኸው በገዛ አፉ አመነ።"

"ኧረ እውነቴን ነው!" ቢል ፉርቃን፣ ይባስ አደነቁት። ባህረዲን ቃሉን መልሶ መዋጥ ፈለገ፤ ግን አሁን "አዎ፣ እበልጠው ነበር" ቢል ከባለጌ ይቆጠራል።

ዘሀራ ከሥጋው ትልቁን መርጣ ለፉርቃን አወጣችለት። ከዚያ ወደ ባሏ ጠጋ አለችና ትከሻውን ዳበስ አድርጋ፣ ከልቧ በሆነ ፍቅር፣

"ጎሽ፣ ዛሬ ገና ደስ አልከኝ" አለችው። "እውነቱን መናገር ይሄን ያህል ከብዶህ ኖሯል?"