የእትዬ ሠርካዲስ ጥያቄ

ሚኒባሱ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አጠገብ አወረዳቸው። ቁልቁለቱን በእግር ሲወርዱ ሳሌም ሆን ብላ ከኋላ ቀረች። የንባብ ክበቡ የመጣው ደራሲ ወልዱ ተወልዶ ያደገበትን ቤት ለመጎብኘት ነው። እሷ ግን የአባቷን ቤት ልታይ መጥታለች። ወልዱ አባቷ መሆኑን ለክበቡ ሰዎች ተናግራ አታውቅም። እሱም ባለፈው ዓመት እስኪሞት ድረስ በሰው ፊት ልጄ ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ መታወቂያዋ ላይ የሰፈረው የእናቷ አባት ስም ነው፦ ሳሌም አለማየሁ። አይታ ብቻ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ።

በቤቱ የሚኖሩት የደራሲው ታላቅ እህት እትዬ ሠርካዲስ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ እያራገፉ እንግዶቹን አስገቡ። የክበቡ መሪ ዓምሃ ግድግዳውንም ጣራውንም በስልኩ ቀርጾ ሲያበቃ፣

«እንግዲህ አናስቸግርዎ፣ እትዬ» አለ።

«ወዴት? ተቀመጡ እንጂ! ቤቴ የገባ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳላውቅ አልሸኝም።» በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው መሳይ ዞሩ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የኖህ።»

«የትኛው ኖህ? ጳውሎስ ጋ ጎሚስታ ያለው?»

«እሱ ቢሆንማ የራሴን ማኪና እነዳ ነበር፣ እትዬ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳሌም አልሳቀችም። ጥያቄው በተቀመጡበት ተራ እየመጣ ነው። አለማየሁ ብትል በገዛ አባቷ ቤት አባቷን መካድ ሆነባት። ወልዱ ብትል ደግሞ ውሸታም ተብላ ልትባረር ትችላለች። አጠገቧ ያለችው ሄርሜላ የአባቷን ስም ከነአያቷ ተናገረች።

«አንቺስ? እስቲ ቀና በይ።»

ቀና አለች። «ሳሌም።»

«ሳሌም ማን?»

«ሳሌም ወልዱ።»

ዓምሃ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! አለማየሁ አልነበርሽ እንዴ? አድናቆትሽ በዛ!»

እትዬ ሠርካዲስ ዓይናቸውን ከፊቷ አልነቀሉም። «እናትሽ ማን ትባላለች?»

«ሙኒያ።»

«የሽሮ ሜዳዋ? ነጠላ የምትሸጠው?»

«አዎ።»

አሮጊቷ ግንባሯንና ጆሮዋን፣ ከዚያም ጉልበቷ ላይ የተቆላለፉትን ጣቶቿን አዩ።

«ለቅሶው ላይ የት ነበርሽ?» አሉ በቁጣ።

«ማን ነኝ ብዬ ልምጣ?»

«ልጁ ነኝ ብለሽ ነዋ! ስንቱ ባዳ ድንኳን ገብቶ ሲያለቅስለት፣ ‹ዘር ሳይተካ ቀረ› ሲሉት እየሰማሁ፣ እኔ ብቻዬን...» አልጨረሱትም። ወደ ዓምሃ ዞሩ። «እናንተ ሂዱ። እሷ ትቀራለች።»

ዓምሃ ግራ ገብቶት ሳሌምን አያት። «እንጠብቅሽ?»

«ሂዱ» አለችው።

ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ወጡ። እትዬ ሠርካዲስ በሩን ከኋላቸው ዘግተው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«በይ፣ አሁን አልቅሺለት» አሏት።